ምጣዱ ሲበላሽ፦ እንጠግን ወይስ እንቀይር?



ዛሬ የምናወራው ስለ ምጣድ ነው። አዎ፣ ስለ ኤሌክትሪክ ምጣድ። ከመስጂድ ሰው የማይጠበቅ ርዕስ ነው ብሎ የሚስቅ ካለ ይሳቅ። ግን ከዒሻ በኋላ ጫማችንን እያደረግን ደጃፉ ላይ ከምናወራው ግማሹ የኪራይ፣ የዘይትና የመብራት ወሬ አይደል? በተለይ አዲስ ያገቡ ወንድሞች "ምጣዳችን ተበላሸ፣ ጠጋኙ ይሄን ያህል አለን፣ አዲሱ ይሄን ያህል ነው፤ ምን ይሻለናል?" እያሉ ይጠይቁናል። የፊቅህ ጥያቄ ሲመጣ ኪታብ እንገልጣለን። ይሄኛው ሲመጣ ግን ያለን አንድ ነገር ነው፤ ባለፈው ዓመት በገዛ ቤታችን የሆነው። ለእያንዳንዱ ሰው ከምንደግመው አንዴ ጽፈነው እንረፍ ብለን ነው።

"እኛ" ስንል ባለቤታችንን፣ ሦስት ልጆቻችንን እና አብራን የምትኖረውን እናታችንን ጨምረን ነው። ደሴ ውስጥ በኪራይ ግቢ እንኖራለን። አራት ቤተሰብ ነን፤ ቆጣሪው አንድ ነው። ተከራይ የሆነ ሰው ይሄ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ቤት ልታይ ስትሄድ "ስንት ናችሁ?" ከመባሉ በፊት "ምጣድ አላችሁ?" ነው የሚባለው። "ምጣድ አይፈቀድም" የሚሉ አከራዮች ብዙ ናቸው። የኛዋ አከራይ ፈቅደውልናል፤ ግን በተራ ነው፤ የኛ ተራ ማክሰኞና ቅዳሜ።

አከራዮች ምጣድን የሚፈሩት ያለ ምክንያት አይደለም። የተለመደው የቤት ምጣድ 3,500 ዋት አካባቢ ይጎትታል። በ220 ቮልት ሲሰላ ወደ 16 አምፔር ይመጣል። ግድግዳችን ላይ ያለው ሶኬት ደግሞ የሚችለው ቢበዛ 16 አምፔር ነው። በሌላ አነጋገር ምጣድ በሰካን ቁጥር ሶኬቱን እስከ መጨረሻው አቅሙ ነው የምናሠራው። ቴሌቪዥኑም፣ ስልክ ቻርጀሩም፣ አምፖሉም ተደምረው ለምጣዱ እግር አይደርሱም። አንድ ሰዓት ተኩል ከተጋገረ 5 ኪሎዋት ሰዓት ያልፋል፤ በሳምንት ሁለቴ ከሆነ በወር 42 ገደማ ነው። ከመስከረም 2017 ጀምሮ ታሪፉ በየሩብ ዓመቱ እየጨመረ ነው። ብዙ በተጠቀምክ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ዋጋም ከፍ ስለሚል፣ አራት ቤተሰብ በአንድ ቆጣሪ ሲጠቀም ሁሉም ውድ በሆነው እርከን ይከፍላል። (ይሄን ለአከራዮቻችን ማስረዳት ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይፈልጋል።)

ምጣዳችን የተገዛው በሠርጋችን ዓመት ነው። ዘጠኝ ዓመቱ። ሦስት ቤት ተሸጋግሯል፤ ሁለቴ በባጃጅ፣ አንዴ በሰው ትከሻ። ገሉ የለመደ ነው፤ ማሰሻው አንዴ ከዞረበት እንጀራው ሳይያዝ ይነሳል። ከሁለት ዓመት በፊት ሬዚስታንሱ ተበጥሶ አስቀይረነዋል። ከዚያ በኋላ ደህና ነበር።

ችግሩ የታየው መጀመሪያ በእንጀራው ላይ ነው። ማታ ሲጋገር ዓይን አላወጣ አለ፤ ነጥቶ፣ እርጥብ እንደሆነ ይነሳል። ባለቤታችን ሊጡን ጠረጠረች። አብሲቱን ቀየረች፣ ጤፉን ሌላ ወፍጮ ቤት አስፈጨች፣ ያው ሆነ። ጎረቤቶች በአንድ ድምፅ "ሬዚስታንሱ ደክሟል፣ ቀይሩት" አሉን። አንድ ቅዳሜ ግን ከሱብሒ በኋላ ጋገረች። ያው ሊጥ፣ ያው ምጣድ፤ እንጀራው ግን ዓይናም ሆኖ ወጣ።

ማታ የሚያንሰው መብራቱ ነበር። ከተማው ሁሉ አንድ ላይ ሲያበራ ቮልቴጁ ይወርዳል፤ ምጣድ ደግሞ ለዚህ ነገር ስስ ነው። ቮልቴጁ ከመቶ አሥር ሲቀንስ ሙቀቱ ከመቶ ሃያ ያህል ይቀንሳል። ከ220 ወርዶ 180 ላይ ከደረሰ 3,500 ዋት የነበረው ምጣድ ወደ 2,300 ይወርዳል፤ ከሦስት እጅ አንዱ ሙቀት የለም ማለት ነው። በዚህ ሙቀት የትኛውም ሊጥ ዓይን አያወጣም። ይሄን ሳያጣሩ ደህናውን ሬዚስታንስ አስነቅለው አዲስ ያስገቡ፣ ከዚያም "ጠጋኙ አታለለን" ብለው የተጣሉ ሰዎችን እናውቃለን። ስለዚህ ለሚጠይቁን ሁሉ መጀመሪያ የምንለው ይሄን ነው፦ ገንዘብ ከማውጣትህ በፊት በሌላ ሰዓት ጋግረህ እየው። ከተቻለም ሌላ ቤት ወስደህ ሰክተህ እየው።

እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ጽሑፉም አያስፈልግም ነበር። ግን በዚያው ሰሞን አንድ ማክሰኞ ባለቤታችን እጇን ወደ ኋላ ሰብስባ ከማድቤቱ ወጣች። "ነዘረኝ" አለች። ሊጥ አፍስሳ አክንባሎውን ልትከድን ስትል በክንዷ የምጣዱን ቆርቆሮ ነካ አድርጋው ነበር። ወለሉ ሲሚንቶ ነው፣ ውሃ ይፈስበታል፣ እግሯ ላይ ያለው ነጠላ ጫማም አርጅቷል። ሶኬቱን ነቀልነው፤ ቀሪው ሊጥ በዚያን ቀን ጎረቤት ተጋገረ።

እናታችን "ቀዝቅዞ ስለነበር ነው፣ ሲሞቅ ይተዋል" አለች። እውነትም ሲሞቅ የሚተው ምጣድ አለ። ገሉም ከሥሩ ያለው ጀሶም እርጥበት ይጠጣሉ፤ ምጣዱ እርጥብ ቦታ ቆሞ ከከረመ መጀመሪያ ላይ ነዘር ያደርግና ሲደርቅ ይጠፋል። ክፋቱም እዚህ ጋ ነው። ስለጠፋ የዳነ ይመስላል። በሚቀጥለው ተራ እንደገና ይመጣል፤ በዚያኛው ቀን ደግሞ ምጣዱ ሥር የምትገኘው እርጥብ እጅ ያላት ልጅ ልትሆን ትችላለች። የኛ ትልቋ ስምንት ዓመቷ ነው፤ እናቷ ስትጋግር ሰፌዱን የምትይዘው እሷ ናት።

ጠጋኙ ሰኞ ገበያ አካባቢ ትንሽ ሱቅ ያለችው፣ ከእኛ ጋር አንድ ሸኽ ዘንድ የቀራ ወንድማችን ነው። እሱ ሞተርና ሽቦ ወደደ፣ እኛ ነሕው ላይ ቀረን። (ከሁለታችን የማን ገቢ እንደሚሻል መናገር አያስፈልግም።) ቤት ድረስ መጣ። ምጣዱን ሰክቶ ቴስተሩን ቆርቆሮው ላይ ሲያስነካ ቦግ አለ። ከዚያ ነቀለው፣ ገለበጠው፣ ከፈተው፤ እንደ ሐኪም ዝም ብሎ ቆየና፦

"ኡስታዝ፣ ይሄ ምጣድ ያለበት በሽታ አንድ አይደለም" አለን።

ገሉ ከጠርዙ እስከ መሐሉ የተጠጋ ስንጥቅ አለው። ከላይ ሲታይ ፀጉር የምታክል መስመር ነች፤ ባለቤታችን ታውቃታለች፣ ማሰሻው ሁሌ እዚያ ጋ ይይዛል። ከሥር ግን ሊጥ ገብቶባት፣ ተቃጥሎ፣ ጥቁር ሆኖ እስከ ሬዚስታንሱ ቦይ ወርዷል። ሬዚስታንሱ በገሉ ሥር በተቦረቦረ ቦይ ውስጥ እንደ ቀንድ አውጣ ቅርፊት እየዞረ ነው የሚቀመጠው። ገሉ ደረቅና ጤነኛ እስከሆነ ድረስ በኤሌክትሪኩና በጋጋሪዋ መካከል ያለው ግድግዳ እሱ ነው። ሲሰነጠቅና ሊጡ ሲገባ ግድግዳው በር ተከፈተለት ማለት ነው።

ቀጥሎ ገመዱን አሳየን። ሁለት ሽቦ ብቻ ነው ያለው፤ ሦስተኛው፣ ኤርዝ የሚባለው፣ የለም። ኤርዝ ማለት ቆርቆሮው ላይ ያመለጠ ኤሌክትሪክ በሰው በኩል ሳይሆን በሽቦ በኩል ወደ መሬት እንዲወርድ የሚያደርግ መስመር ነው። ምጣዱ ባይኖረው እንኳ ግድግዳው አለው ብለን ነበር፤ የግድግዳውን ሶኬት ሲፈታው እዚያም የለም። የሶኬቱ ሴት ላልቶ፣ ፕላስቲኩ ቡናማ ሆኖ ቀልጧል። ከውስጡ የወጣው ሽቦ ደግሞ 1.5 ካሬ ሚሊሜትር፣ ለአምፖል የሚሰመረው ቀጭኑ ነው።

"ብሬከር አለ አይደል? ሲብስ ይቆርጥ ነበር" አልነው። ሳቀ። ያ ብሬከር የተሠራው ሽቦው እንዳይቃጠል ነው፤ 20 አምፔር እስኪያልፍ ዝም ይላል። ሰውን የሚገድለው ግን ከአንድ አምፔር እጅግ ያነሰ ነው። ለሰው የሚቆርጠው ሌላ ዓይነት ብሬከር ነው፤ 30 ሚሊአምፔር ስታፈስ ወዲያው የሚዘጋ። በግቢያችን ውስጥ እንደዚያ ያለ አልነበረም።

እንግዲህ ጥያቄው እዚህ ጋ መልኩን ቀየረ። እኛ ቤት ውስጥ ስንነጋገር የነበረው "ምጣዱን እንጠግን ወይስ አዲስ እንግዛ?" ብለን ነው። ነገር ግን አዲስ ምጣድ ገዝተን እዚያው በቀለጠው ሶኬት፣ በቀጭኑ ሽቦ፣ ኤርዝ በሌለው ግድግዳ ላይ ብንሰካው ኖሮ ሕመሙ ግድግዳው ውስጥ ተቀምጦ ይጠብቀን ነበር። በዓመቱም "የዘንድሮ ዕቃ እኮ አይረባም" ማለታችን አይቀርም።

ሒሳቡ ይሄ ነበር። አዲስ ገል፣ አዲስ ሬዚስታንስ፣ ባለ ሦስት ሽቦ ወፍራም ገመድ ከነሶኬቱና የእጅ ዋጋ ሲደመር 3,600 ብር። አዲስ ምጣድ፣ እኛ በጠየቅንበት ሱቅ፣ 8,500። የግድግዳው ሥራ፣ ማለትም ከቆጣሪው ለብቻው የሚመጣ 4 ካሬ ሚሊሜትር መስመር፣ አዲስ ሶኬትና መሬት ውስጥ የሚቀበር የኤርዝ ብረት፣ 1,900። ይሄኛው በሁለቱም መንገድ የማይቀር ነው። ልጆች አስቀርተንና በመስጂድ አገልግለን የምናገኘውን ለሚያውቅ ሰው እነዚህ ቁጥሮች ቀላል አይደሉም።

በዚያ መሐል ያልቀረበልን ምክር የለም። አንዱ "ስንጥቁን በሲሚንቶ ሙላው" አለን። ሲሚንቶና ገል በእሳት ላይ እኩል አይለጠጡም፤ አምስት ጊዜ ሳይጋገርበት ይላቀቃል፣ ሊጡም መንገዱን ያውቀዋል። እናታችን ወደ እንጨት እንመለስ አለች፤ እሷ በእንጨት የተጋገረን እንጀራ የሚያህል የለም ባይ ናት። በምርት ምድጃ ቢሆን፣ ያ በሲሚንቶ የሚሠራው ተገጣጣሚ ምድጃ፣ ከሦስት ጉልቻው ግማሽ ያህል እንጨት ይቆጥባል፤ ለገጠር ቤት ጥሩ ነገር ነው። በአራት ቤተሰብ ግቢ ውስጥ ግን ጭሱ የት ይሄዳል?

ሌላው "እስክትወስኑ እንጀራ ግዙ" አለ። ገዛን። እኛ ሰፈር አንዱ 25 ብር ነበር፤ ለስድስት ሰው በቀን ስምንት ሲሆን 200 ብር። በአሥር ቀን 2,000 ብር ሄደ። እያሰብን የቆየንባቸው አሥር ቀናት የግድግዳውን ሥራ ዋጋ በልተውታል ማለት ነው። ለሚያመነታ ሰው ይሄን ቁጥር ሁሌ እንነግረዋለን።

ሱቁ ደግሞ አዲሱን በሦስት ወር ክፍያ እንድንወስድ አባበለን። ዋጋው ተቆርጦ ታውቆ በጊዜ መክፈል ራሱ ችግር የለበትም። ግን "ብትዘገዩ በየሳምንቱ የምትጨመር ትንሽ ቅጣት አለች" ሲሉን አመስግነን ወጣን። ያች ትንሽ ቅጣት ምን እንደምትባል እናውቃለን።

ከሁሉም የፈተነን ግን የደላላው ነገር ነው። አንድ አሮጌ ዕቃ የሚያገበያይ ልጅ ቆርቆሮውን አይቶ "2,500 አመጣላችኋለሁ፤ አሁን ይሠራል አይደል? በቃ ይሠራል" አለን። 2,500 ሲጨመርበት አዲሱ ምጣድ ቅርብ ሆኖ ታየን። እውነትም ይሠራል፤ ይግላል፣ እንጀራ ያወጣል። ግን በመድረሳ የቡዩዕን ምዕራፍ የቀራ ሰው ዓይብ የሚለውን ቃል አይረሳም። ሻጭ የሚያውቀውን እንከን ደብቆ ሊሸጥ አይፈቀድለትም፤ ገዢውም በኋላ ካገኘው ዕቃውን የመመለስ መብት አለው። ሸኻችን በምሳሌ የሚያስረዱን በአንካሳ በቅሎ ነበር። በቅሎዋ ቢበዛ መንገድ ላይ ታስቀራለች፤ ይሄኛው እንከን ግን የማናውቃትን የአንዲት ሴት እጅ ይጠብቃል። "ገሉ የተሰነጠቀ ነው፣ ይነዝራል፤ ይሄን ለገዢው እንነግራለን" አልነው። ልጁ ለገዢው ደወለ፣ ነገረው፣ ዋጋው 700 ሆነ። ገበያው እውነቱን ሲሰማ የሰጠው ዋጋ ይሄ ከሆነ፣ የቀረው 1,800 የዝምታ ዋጋ ነበር። ተውነው።

ስለ ጥገና ስናወራ ብዙ ወንድሞች ነቢያችን ሰለላሁ ዓለይሂ ወሰለም ጫማቸውን ራሳቸው ይጠግኑ፣ ልብሳቸውን ራሳቸው ይሰፉ እንደነበር ከእናታችን ዓኢሻ የተዘገበውን ያነሳሉ። እውነት ነው፤ እኛም ዕቃ ቶሎ መጣል አንወድም። ጫማ ግን የሚያደርገውን ሰው አይነዝርም። "ጠግነነዋል" የሚለው ቃል ራሱ ሁለት ዓይነት ሥራ ይሸፍናል። ጠጋኙ ወንድማችን ሲያጫውተን፣ ከሚመጡለት ሰዎች ብዙዎቹ ሬዚስታንሱ ሲበጠስ "አዲስ አታስገባ፣ ጫፍና ጫፉን ጠምዝዘህ ስጠን" ይሉታል። ርካሽ ነው፣ ይሠራልም። ግን የተጠማዘዘው ቦታ ከሌላው በላይ ይግላል፣ ይበላል፣ እዚያው ጋ መልሶ ይበጠሳል። የተቃጠለው ጫፍ በተቆረጠ ቁጥርም ሽቦው ያጥራል። ከአሥር አንድ እጁ ቢያጥር 3,500 ዋት የነበረው ወደ 3,900 ይጠጋል፤ 16 አምፔሩም ወደ 18። ሰውየው "ምጣዴ እኮ ከበፊቱ ባሰበት፣ ቶሎ ይግላል" ብሎ ይደሰታል። ሶኬቱ ግን ያንን ደስታ አይችለውም።

አንድ ማታ ከመግሪብ በኋላ ጠጋኙ ሻይ እየጠጣ፣ እኛ ወረቀት ይዘን እየደመርን ነበር። የተለመደውን ሕግ አነሳን፤ የጥገናው ዋጋ ከአዲሱ ግማሽ ካለፈ ጣለው፣ ካላለፈ ጠግነው። 3,600 ከ8,500 ግማሽ በታች ነው። ግን የቆርቆሮው እግር ዝጓል። ግን ቆርቆሮው የድሮ ወፍራም ነው፣ የአዲሱ ስስ ነው። ግን አዲሱ ዋስትና አለው፤ ስድስት ወር። እንዲህ ስንል ባለቤታችን ከማድቤት በር ላይ ቆማ ትሰማ ነበር።

"እናንተ ዋጋውን ትደምራላችሁ" አለች፤ "እዚያ ላይ ቆሜ የምጋግረው ግን እኔ ነኝ። ለምን እኔን አትጠይቁኝም?"

ዝም አልን። ጠጋኙ ብርጭቆውን አስቀምጦ "እሺ እህቴ፣ አንቺ ምን ትያለሽ?" አላት።

ያለችው አጭር ነው። አዲስ ምጣድ አልፈልግም አለች። አዲስ ምጣድ እስኪሟሽና እስኪለምድ ድረስ ስንት ሊጥ እንደሚበላ የምታውቀው እሷ ናት፤ የሱቁን ስስ ቆርቆሮም ጎረቤት ጋ አይታዋለች፣ ሲግል ይላወሳል። ገሉ መቀየሩ ካልቀረ ማሟሸቱም አይቀርም፤ እሱን ትችለዋለች። ግን ኤርዙ ሳይገባ አልጋግርም፤ ገሉ ተቀይሮ ግድግዳው እንዳለ ከቀረ ምጣዱ ባለበት ይቀመጥ፣ እንጀራ እየገዛችሁ ብሉ። ከዚያ ደግሞ ጨመረች፦ "በየተራዬ ከመጀመሬ በፊት በቴስተሩ ራሴ አየዋለሁ። ስጡኝና ማድቤት ይሰቀል።"

ውሳኔው ይሄው ነው። እኛ ወረቀቱን አጠፍነው።

ገሉን አብራ ሄዳ መረጠች። በጣቷ እያንኳኳች ነው የመረጠችው፤ ጤነኛ ገል ጥርት ያለ ድምፅ አለው፣ የተሰነጠቀው ድፍን ያለ ነው። ሦስት አስቀምጣ አራተኛውን አነሳች። ባለሱቁ "ሁሉም አንድ ነው እኮ" እያለ ያጉረመርማል። የገሉ ዋጋ ያን ያህል አላስደነገጠንም፤ ሸክላው የአገር ነው። ሬዚስታንሱ ግን ከውጭ የሚገባ ስለሆነ፣ ብሩ በሐምሌ 2016 ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ከሁለት ዓመት በፊት በገዛንበት ዋጋ የሚታሰብ አይደለም።

የቀረው ግድግዳው ነበር፤ ግድግዳው ደግሞ የኛ አይደለም። አከራያችን ሐጃ ናቸው፤ ደግ ሴት፣ ግን ግቢያቸው እንዲቆፈር አይወዱም። ሄደን ነገርናቸው። "ልጆቼ፣ እኔ በዚሁ መብራት ሃያ ዓመት ጋግሬአለሁ። ምንም አልሆንኩም" አሉ። ብረት ሊቀበር ነው ሲባል ደግሞ "መብረቅ ትጠሩብኛላችሁ!" ብለው ተቆጡ። ጠጋኙ በትዕግሥት አስረዳቸው። ወጪውን እኛ እንደምንችል፣ መስመሩም ስንለቅ ለቤቱ እንደሚቀር ነገርናቸው። በጽሑፍ አደረግነው፤ ግማሹ ዋጋ ከሁለት ወር ኪራይ ላይ እንዲቀነስ፣ ግማሹ የኛ እንዲሆን። ተከራይ ወንድሞች፣ ይሄን በቃል አትተዉት። ሰው እየተዋደደም ይረሳል። ከዕዳ ጋር የተያያዘን ነገር መጻፍ የታዘዝነው ስለማንተማመን አይደለም።

ሥራው አንድ ቀን ፈጀ። ወፍራሙ መስመር ከቆጣሪው በቀጥታ ወደ ማድቤት ገባ፤ ሜትር ተኩል የሚሆን ብረት ከአጥሩ ሥር ተቀበረ። ለሰው የሚቆርጠው ብሬከር በዚያ ወር አልተቻለም ነበር፤ ዕቁባችን ሲደርስ፣ ከሁለት ወር በኋላ፣ ተገጠመ። አዲሱ ገል በጎመን ዘር ተሟሸ። የመጀመሪያዎቹ ሰባት እንጀራዎች ተቀዳደው ወጡ፤ ፍርፍር በላንባቸው። ስምንተኛው ላይ ዓይን መጣ። ማታ ማታ ቮልቴጁ አሁንም ይወርዳል፤ ስለዚህ ቅዳሜ ከሱብሒ በኋላ ነው የምትጋግረው፤ የማክሰኞውንም ተራ ከጎረቤት ጋር ለዋውጣ ወደ ጠዋት አዛውራዋለች። የተሰነጠቀውን ገል የግቢያችን አንዲት እናት ቡና መቁያ አደርገዋለሁ ብለው ከነምክንያቱ ሰምተው ወሰዱት፤ ከእንጨት እሳት ላይ ስንጥቁ ማንንም አይጎዳም። የድሮውን ገመድ ግን ለቆራሌው አልሰጠነውም፤ ሌላ ሰው መልሶ እንዳይሰካው ጠጋኙ ቆራርጦ ጣለው።

ሥራው አልቆ ጠጋኙ ዕቃውን ሲሰበስብ ሐጃ ከደጃፋቸው ሆነው ሲያዩን ነበር። ባለቤታችን ቴስተሩን ቆርቆሮው ላይ አስነክታ "ይኸው፣ አይበራም" ስትል ጠጋ አሉ።

"እስቲ ያንን ነገር ወደኔም አምጪው" አሉ።

ማድቤታቸው ገባን። ምጣዳቸው ከኛ በዕድሜ ይበልጣል፤ በስሙኒ ፕላስተር የታሠረ ገመድ አለው። ሰኩት፣ ባለቤታችን ቴስተሩን አስነካች። ቦግ አለ። ሐጃ ቴስተሩን ተቀብለው ራሳቸው ደገሙት፤ ሦስቴ። ከዚያ ሶኬቱን ነቀሉና ወደ ጠጋኙ ዞረው፦

"አንተ ልጅ፣ ያ የቀበርከው ብረት ለሁለት ቤት ይበቃል?" አሉት።

"ይበቃል፣ ሐጃ" አለ፤ የዘጋውን ሳጥን መልሶ ከፈተው።